አጥንት ቆጥሮ አጥንት ማጠንከር፦ ዕድሜያቸው ለገፋ ሴቶችና ለልጆቻቸው

በአማርኛ የዘር ሐረግን ወደ ላይ መቁጠር «አጥንት መቁጠር» ይባላል። አያቶቻችን አጥንት ይቆጥሩ የነበረው ርስት ለመካፈል ወይም ጋብቻው ከሥጋ ዘመድ ጋር እንዳይሆን ለመጠንቀቅ ነበር። በዚህ መመሪያ አንባቢዎቼን አጥንት እንዲቆጥሩ የምጠይቀው ግን በቃሉ ቀጥተኛ ትርጉም ነው፤ እናትዎ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር ወይ፣ አያትዎ በስተርጅና ጎብጠው ነበር ወይ፣ እህትዎ በቀላል መውደቅ እጃቸው ተሰብሮ ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ማለትም አጥንትን በቀላሉ ተሰባሪ የሚያደርገው የአጥንት መሳሳት በቤተሰብዎ መኖሩን መፈለግ ማለት ነው። ጽሑፉ በሐረርና በድሬዳዋ ለሚኖሩ፣ የወር አበባቸው ለተቋረጠ ሴቶች፣ እንዲሁም እነሱን ለሚንከባከቡ ሴት ልጆችና ምራቶች የተዘጋጀ ነው።

ይህን ጥያቄ በጊዜው ባለመጠየቃችን ቤተሰቤ ዋጋ ከፍሏል። ጀጎል ውስጥ፣ ከሸዋ በር ብዙም ሳይርቅ የምትኖር አክስት ነበረችኝ። በ58 ዓመቷ የበሩ ደፍ አደናቅፏት ስትወድቅ መሬቱን በመዳፏ መከተችው፤ የእጅ አንጓዋም ተሰበረ። ወጌሻ አሰራት፣ እጇ ገጠመ፣ ሁላችንም ተመስገን አልን። ከ6 ዓመት በኋላ በሌሊት ወደ ግቢው ስትወጣ ወደቀች፤ በዚህ ጊዜ የተሰበረው ዳሌዋ ነበር። እናቷ፣ ማለትም አያቴ፣ ከወገቧ ጎብጣ እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ግን እርጅና ነው ብለን አልፈነው ነበር። በኋላ የፊዚዮቴራፒ ሙያ ስማር ነው ሦስቱ ነገሮች የአንድ ታሪክ ምዕራፎች እንደሆኑ የገባኝ። የአያቴ መጉበጥ የአከርካሪ አጥንት ስብራት ምልክት ነበር፤ የአክስቴ አንጓ መሰበር ደግሞ ዳሌዋ ከመሰበሩ 6 ዓመት ቀድሞ የተሰጠን ማስጠንቀቂያ ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ ቆሞ ከመውደቅ ባልበለጠ አደጋ የሚሰበር አጥንት አጋጣሚ ብቻ ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

የሚወረሰውና የማይወረሰው

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው፤ በየጊዜው አሮጌው እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። እስከ 30 ዓመት ገደማ የሚገነባው ከሚፈርሰው ስለሚበልጥ አጥንት ይከማቻል፤ ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀስ እያለ ይዞራል። የወር አበባ ሲቋረጥ የኤስትሮጅን ሆርሞን ስለሚቀንስ መፍረሱ ይፋጠናል፤ አንዲት ሴት ከማረጥ በኋላ ባሉት 5 እስከ 7 ዓመታት ከአጥንቷ እስከ 20 በመቶ ልታጣ ትችላለች።

በመንትዮችና በቤተሰቦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የአጥንት ጥግግት (አጥንቱ በማዕድን ምን ያህል የታጨቀ እንደሆነ) ልዩነት ውስጥ ከ50 እስከ 85 በመቶ የሚሆነው በዘር ውርስ የሚመጣ ነው። ይህ ቁጥር ብዙዎችን ተስፋ ያስቆርጣል። «በዘራችን ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚለውን አነጋገር በሥራዬ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ምን እንደሚል በጥንቃቄ መረዳት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ፣ አጥንትን የሚወስን አንድ ዘረ መል የለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የቫይታሚን ዲ ተቀባይን የሚሠራው ዘረ መል ቁልፉ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ነበር፤ ተከታዮቹ ጥናቶች ግን ተስፋውን አልደገፉትም። በኋላ በብሪታንያ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎችን የዘር መረጃ የመረመረ ጥናት ከአጥንት ጥግግት ጋር የተያያዙ ከ500 የሚበልጡ ቦታዎችን ለይቷል፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። የእነዚህ ጥናቶች ተሳታፊዎች በአብዛኛው አውሮፓውያን በመሆናቸው ውጤቱ ለእኛ ያለው የመተንበይ አቅም ያነሰ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት አጥንቷን ለማወቅ ብላ ገንዘቧን ለዘረ መል ምርመራ እንድታወጣ አልመክርም፤ አክስቶቿን ሰብስባ መጠየቋ የተሻለ ይነግራታል።

ሁለተኛው ነጥብ ደግሞ ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ውርስ ይበልጥ የሚገዛው በወጣትነት የሚከማቸውን የአጥንት መጠን ነው፤ በእርጅና ማን እንደሚሰበር የሚወስነው ግን ሌላ ሌላውም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ በስዊድን መንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከ69 ዓመት በፊት በሚከሰት የዳሌ ስብራት ላይ የውርስ ድርሻ 68 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከ79 ዓመት በኋላ በሚከሰተው ላይ ግን ወደ 3 በመቶ እንደሚወርድ አሳይቷል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር የእግር ጉልበት፣ የሰውነት ሚዛን፣ የዓይን ብርሃን፣ የቤቱ ደፍና መብራት ከዘር ይልቅ ይወስናሉ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ደግሞ በእጃችን ያሉ ናቸው።

ዘር ከእንቅስቃሴ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ፤ እኔ ለታካሚዎቼ ሳስረዳ ሁልጊዜ የማነሳው እሱን ነው። በደቡብ አፍሪካ በአፍሪካነር ቤተሰቦች ውስጥ ስክለሮስቲን የተባለውን ፕሮቲን የሚያዘው ዘረ መል ተበላሽቶ የሚወለዱ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ አጥንታቸው ከልክ በላይ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል። ከዚህ እንደታወቀው የስክለሮስቲን ሥራ «አጥንት መገንባቱ ይብቃ» ብሎ ማገድ ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያመነጩት በአጥንት ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩ ሕዋሳት ናቸው። አጥንት ላይ ሸክም ሲያርፍ እነዚህ ሕዋሳት ጫናው ይሰማቸዋል፤ ሲሰማቸውም ስክለሮስቲን ማመንጨታቸውን ይቀንሳሉ፣ እገዳው ይላላል፣ ግንባታው ይቀጥላል። ሰው ሲተኛና ሲቀመጥ በተቃራኒው ይጨምራል። እንግዲህ የወረስነውን ዘረ መል መለወጥ ባንችልም፣ ያ ዘረ መል በየቀኑ ምን ያህል እንዲሠራ የምናዝዘው በከፊል እኛው ነን፤ የምናዝዘውም ክብደት በማንሳትና እግራችንን መሬት ላይ በመርገጥ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

አጥንት ቆጠራውን በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ከወላጆችዎ በአንዳቸው ዳሌ የተሰበረ እንደሆነ ይህ ብቻውን በሐኪሞች ዘንድ ከፍተኛ ግምት የሚሰጠው ምልክት ነው። የራስዎንም ይጻፉ፦ ከ50 ዓመት በኋላ የደረሰ ስብራት፣ ከ45 ዓመት በፊት የተቋረጠ የወር አበባ፣ ሲጋራ፣ ለ3 ወርና ከዚያ በላይ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ከልክ ያለፈ ቅጥነት።

ከዚያ ቁመትዎን በበር መቃን ላይ ያስለኩ። በወጣትነትዎ ከነበረው 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያነሰ ከሆነ፣ ወይም ተረከዝዎንና ጀርባዎን ግድግዳ አስነክተው ሲቆሙ የራስዎ ኋላ ግድግዳውን መንካት ካልቻለ፣ የአከርካሪ አጥንት ሳይታወቅ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል እንቅስቃሴውን ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ድንገት የጀመረ የጀርባ ሕመም፣ የደረት ውጋት፣ ራስ ማዞር ወይም በቂ ክትትል የሌለው የደም ግፊት ካለብዎም እንደዚሁ ያድርጉ።

የእግርዎን ጉልበት ለማወቅ ግድግዳ ያስደገፉት ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ እጆችዎን በደረትዎ ላይ ያጣምሩና በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆመው መቀመጥ እንደሚችሉ ልጅዎ ትቁጠርልዎ። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 64 ለሆኑ ሴቶች ከ12 በታች፣ ከ65 እስከ 69 ለሆኑ ከ11 በታች፣ ከ70 እስከ 79 ለሆኑ ከ10 በታች መሆን የመውደቅ ስጋት እንዳለ ያመለክታል። ቀጥሎም ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ፊት አስነክተው ያስቀምጡ፤ ሳይደገፉ 10 ሰከንድ መቆየት ካልቻሉ ሥራዎን ከሚዛን ልምምድ ይጀምሩ። ሁለቱንም ውጤት ከነቀኑ ይመዝግቡ።

ጀሪካኑ፣ ነደባውና ተረከዙ

በእግር መሄድ ለልብ፣ ለስኳርና ለመንፈስ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በድሬዳዋ ከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚደረግ ጉዞ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን እውነቱ መነገር አለበት፤ በእግር መሄድ ብቻውን በአከርካሪና በዳሌ አጥንት ጥግግት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። አጥንት የለመደውን ጫና አይቆጥረውም። የሚያነቃው ከተለመደው ከበድ ያለ፣ አጠር ያለና ድንገት ቶሎ የሚያርፍ ጫና ነው፤ በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ከተደገመ በኋላም ሕዋሳቱ ስሜታቸው ስለሚደነዝዝ ለሰዓታት ማረፍ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ለ2 ሰዓት ከመልፋት ይልቅ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት መሥራት ይሻላል።

ከባድ ነገር ማንሳት ለአሮጊት አይገባም የሚለው እምነት በጣም ሥር የሰደደ ነው። በአውስትራሊያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አጥንታቸው የሳሳ 101 ያረጡ ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን በባለሙያ ክትትል በሳምንት 2 ጊዜ ለ30 ደቂቃ ብቻ ከባድ ክብደት እንዲያነሱና እየዘለሉ በእግራቸው መሬቱን እንዲመቱ አደረገ። ከ8 ወር በኋላ የአንሺዎቹ የወገብ አጥንት ጥግግት በአማካይ በ2.9 በመቶ ሲጨምር፣ ቀላል እንቅስቃሴ የሠሩት ሴቶች ግን በ1.2 በመቶ ቀንሶባቸዋል። ባለሙያ በሌለበት ቤት ይህን ያህል ከባድ ክብደት እንዲሞክሩ አልመክርም፤ መንገዱ ግን ያው ነው፣ ቀስ እያሉ ሸክሙን መጨመር።

በእኛ ቤት ለዚህ ሥራ ከጀሪካን የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ሸክሙን ያለ ሚዛን መለካት ይቻላል። በ5 ሊትሩ የዘይት ጀሪካን ይጀምሩ፤ 3 ሊትር ውኃ ያድርጉበትና በርጩማ ላይ ያስቀምጡት፣ መሬት ላይ አይሁን። ከማንሳትዎ በፊት ግን አጎነባበሱን ይማሩ። የመጥረጊያ እንጨት በጀርባዎ ላይ ቁልቁል ያቁሙና አንደኛው እጅ ከማጅራትዎ፣ ሌላው ከወገብዎ ኋላ ይያዘው፤ እንጨቱ ራስዎን፣ የላይኛውን ጀርባዎንና መቀመጫዎን በአንድ ጊዜ ይንካ። አሁን ጉልበትዎን በትንሹ አጠፍ አድርገው፣ መቀመጫዎን ወደ ኋላ እየላኩ ከዳሌዎ ብቻ ያጎንብሱ። እንጨቱ ከሦስቱ ቦታ ከአንዱ ከለቀቀ ጀርባዎ ጎብጧል ማለት ነው። ሶላት የሚሰግዱ ሴቶች ይህን ቶሎ ይይዙታል፤ በአግባቡ የተደረገ ሩኩዕ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ከዳሌ የሚታጠፍ ነውና። አጎነባበሱን ያለ ስህተት 10 ጊዜ ከደገሙ በኋላ ጀሪካኑን ይያዙ፣ ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ትንፋሽ እያወጡ ይነሱ፣ መልሰው በርጩማው ላይ ያሳርፉት። ትንፋሽ ማፈን የደም ግፊትን ስለሚጨምር በፍጹም አያድርጉት።

ከ8 እስከ 12 ጊዜ አንስተው ያርፉ፤ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይድገሙ። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በመካከል ቢያንስ አንድ ቀን እያረፉ ይሥሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች ሊከብዱዎት ይገባል። 12 ጊዜ ያለ ችግር ማንሳት ሲችሉ አንድ ሊትር ይጨምሩ። 5 ሊትሩ ሲሞላ ወደ 10 ሊትሩ ያልፋሉ። ጡንቻ በማግሥቱ ቢዝል ጤና ነው፤ ስለት እንደነካው የሚወጋ፣ በአንድ ቦታ የሚጠና ወይም ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ግን ሥራውን አቁሞ ሐኪም ማየትን የሚጠይቅ ነው። ውኃ ከቦኖ ሲያመጡም አንድ ትልቅ ጀሪካን በጀርባ አዝሎ ከመጎንበስ ይልቅ ሁለት ትንንሾችን በግራና በቀኝ እጅ ይዞ ቀጥ ብሎ መሄድ ይመረጣል።

ሁለተኛው ሥራ ደረጃ መውጣትና መውረድ ነው። በሐረር ባህላዊ ቤት ያደገ ሰው ነደባውን ያውቃል፤ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ በቀይ የሚቀባው፣ ከፍታው ደረጃ በደረጃ የሚለያየው መደብ ነው። ከነዚህ ዝቅተኛውን ይምረጡ፤ በአንድ እጅ ግድግዳ ይዘው በቀኝ እግር 10 ጊዜ፣ በግራ 10 ጊዜ ይውጡና ይውረዱ። መውረዱ ላይ አይቸኩሉ፤ ጡንቻውን የሚያሠራው እሱ ነው። ድሬዳዋ ላሉት የበረንዳ ደረጃ ይበቃል። በሳምንታት ውስጥ ሲቀልልዎ በእያንዳንዱ እጅ የግማሽ ሊትር ውኃ ጠርሙስ፣ ቀጥሎ የአንድ ሊትር ይያዙ። የወንበሩ መቀመጥና መነሳትም ከፈተናነት አልፎ የዘወትር ልምምድ ይሁን። ግድግዳ ላይ መዳፍዎን አሳርፈው ክንድዎን እያጠፉ መግፋት ደግሞ አንጓንና ክንድን ያጠነክራል።

ሦስተኛው የተረከዝ ምት ነው። ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ፣ የወንበር መደገፊያ ይያዙ፣ በጣትዎ ቆመው ከፍ ይበሉና ተረከዝዎን በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፤ ምቱ እስከ ዳሌዎ ሊሰማዎ ይገባል። 10 ጊዜ መትተው አንድ ደቂቃ ያርፉ። በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 50 ምት ያድርሱትና በአብዛኛዎቹ የሳምንቱ ቀናት ይሥሩት። የአከርካሪ ስብራት ያለባቸው ይህን ትተው ፈጠን ባለ የእግር ጉዞ ይተኩት። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ምቱን ያለዝቡ። ብዙ የወለዱ ሴቶች ምት ወይም ዝላይ ሲሠሩ ሽንት ሊያመልጣቸው ይችላል፤ በዚህ አፍረው ሁሉን ነገር የተዉ እናቶችን አውቃለሁ። የሚታከም ነገር ነውና ለጤና ባለሙያ ይንገሩ፤ እስከዚያው ጀሪካኑና ደረጃው ይበቃዎታል።

ጀርባ የሚጎዳው እንዴት ነው

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ አንድ ጥናት አጥንታቸው የሳሳ 59 ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ጀርባን ወደ ኋላ የሚያቀኑ እንቅስቃሴዎችን ከሠሩት ውስጥ አዲስ የአከርካሪ ስብራት የደረሰባቸው 16 በመቶ ሲሆኑ፣ ወደ ፊት የሚያጎብጡትን ከሠሩት ውስጥ ግን 89 በመቶ ነበሩ። የተጠኑት ሴቶች ጥቂት ቢሆኑም ልዩነቱ ችላ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ተንጋሎ ተኝቶ ደረትን ወደ ጉልበት ማንሳትን ይተዉ። በምትኩ ፍራሽ ላይ በሆድዎ ይተኙ፣ እጆችዎ በጎንዎ ይሁኑ፣ አንገትዎን ሳይቀለብሱ ደረትዎን ጥቂት ከፍ አድርገው 5 ሰከንድ ይቆዩ፤ 10 ጊዜ ይድገሙ።

ከልምምዱ ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ የዕለት ሥራው ነው። አጭሩ መጥረጊያ ሴቶቻችንን በቀን ሁለት ጊዜ ለሁለት ያጥፋቸዋል፤ ረጅም እንጨት አሥሮ ቀጥ ብሎ መጥረግ ወጪው ጥቂት ነው። ምጣዱን ከመሬት አንስቶ ወገብ በሚደርስ መደብ ላይ ማስቀመጥ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋውን በርጩማ ላይ ማድረግ፣ ከባድ ነገር ይዞ ወገብን አለመጠምዘዝ ሁሉም በአንድ ቀን ሊስተካከል የሚችል ነው። ልጆችና ምራቶች ይህን እናቲቱ እስክትጠይቅ አይጠብቁ፤ አትጠይቅም።

እንዳይወድቁ

አብዛኛው የዳሌ ስብራት በመውደቅ የሚመጣ ነው፤ ሚዛንን የሚያሠሩ ልምምዶች የመውደቅን መጠን በአማካይ በ23 በመቶ እንደሚቀንሱ በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል። ተረከዝን ከጣት አስነክቶ መቆም፣ ከዚያ በዚያው ዓይነት ጠረጴዛ ዳር ዳር መራመድ፣ ቡና እስኪፈላ በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ማሳረፍ፤ ሁልጊዜ የሚያዝ ነገር በክንድ ርቀት ይኑር። በአፎቻ ወይም በዕድር ሲገናኙ 10 ደቂቃ አብሮ መሥራት ብቻን ከመጀመር ይልቅ የሚዘልቅ ነው።

የጀጎል መተላለፊያዎች ቁልቁለት ናቸው፣ ድንጋያቸውም በዘመናት እግር ተልጓል። ነጠላ ጫማ ለዚህ መንገድ አይሆንም፤ ተረከዝን የሚይዝ፣ ሶሉ ያልተላጠ ጫማ ያድርጉ። የድሪያው ጫፍ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሁን፣ ደረጃ ሲወጡም በአንድ እጅ ይሰብስቡት። ምንጣፉ በጠርዙ አይታጠፍ። አክስቴ የወደቀችው በሌሊት ወደ መጸዳጃ ስትሄድ ነበርና ትራስ አጠገብ የእጅ ባትሪ መኖሩን ሳላረጋግጥ ከማንም አረጋዊት ቤት አልወጣም። የዓይን ሞራ ያለባቸው ቶሎ ይታከሙ፤ የመጀመሪያውን ዓይን መታከም ብቻ መውደቅን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ ታይቷል።

ከወደቁ በኋላ እግር ካጠረና ወደ ውጭ ከዞረ፣ ወይም በእግር መቆም ካልተቻለ ዳሌው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። አይታሽ፣ አይሳብ፤ እግሩን ሳያንቀሳቅሱ ወደ ሆስፒታል መውሰድ እንጂ ወጌሻ ዘንድ ማሳደር አይገባም።

ምግብና ፀሐይ

ከ50 ዓመት በላይ የሆናት ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም እንድታገኝ ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህሉን ይሰጣል፤ የግመል ወተትም ከዚህ አያንስም። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም ከ150 በላይ አለው፤ በሐረርጌ ብዙ ቤት የሚበላው የማሽላ እንጀራ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ከጤፍ መቀላቀል ጥቅም አለው። ጎመንና ቆስጣ አንድ አይደሉም፤ የጎመን ካልሲየም በአንጀት በደንብ ሲመጠጥ፣ የቆስጣው ግን በውስጡ ባለ ኦክሳሌት ስለሚታሰር ብዙው ሳይጠቅም ይወጣል። በጾም ወራት ወተትና ዕንቁላል ለሚተዉ ሰሊጥና ጎመን ይጨመርላቸው። ቡና በጥቂቱ ካልሲየምን በሽንት ያስወጣል፤ ወተት ጠብ ቢልበት ያካክሳል፣ በወተት የሚፈላው ሆጃችንም ለዚህ ይስማማል። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይገነባምና ሽሮ፣ ባቄላ፣ ዕንቁላልና ሥጋ እንደ አቅም ይኑሩ። ጫት ሁለት ጉዳት አለው፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ከሰዓት በኋላውንም በሙሉ ያስቀምጣል። መተው ያልቻሉ ቢያንስ ምሳቸውን ሳይበሉ አይቀመጡ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ይነሱ።

ቫይታሚን ዲ በቆዳ ላይ ከሚያርፍ ፀሐይ ይሠራል። ድሬዳዋ ፀሐይ ባይጎድላትም፣ ተሸፍና የምትውል ወይም ከቤት የማትወጣ ሴት ሊጎድላት ይችላል። ጥላዎ ከቁመትዎ ሲያጥር፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በግቢዎ ውስጥ ክንድዎንና ባትዎን ገልጠው 15 ደቂቃ ያህል በሳምንት ጥቂት ቀን ይቀመጡ።

ምርመራና መድኃኒት

የአጥንት ጥግግት የሚለካው ዴክሳ በተባለ መሣሪያ ነው፤ ቲ-ስኮር የሚባለው ውጤት (ጥግግቱን ከጤናማ ወጣት ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር) -2.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የአጥንት መሳሳት ይባላል። ተራው ራጅ ስብራትን እንጂ መሳሳትን ቶሎ አያሳይም፤ ከአጥንቱ ሲሶ ገደማ እስኪጠፋ ድረስ ደህና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» የሚለው ቃል ብቻ አያዘናጋዎ፤ የአጥንት ቆጠራ ወረቀትዎን ለሐኪሙ ያሳዩ። አሌንድሮኔት የተባለው የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ከታዘዘልዎ በሳምንት አንድ ቀን በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጥ፤ ጉሮሮን ስለሚያቆስል ለ30 ደቂቃ አይተኙ፣ አይብሉም። መድኃኒቱ ጀሪካኑን አይተካም፣ ጀሪካኑም መድኃኒቱን አይተካም።

የወንበሩንና የሚዛኑን ፈተና በየ3 ወሩ ይድገሙ። የጡንቻ ጉልበት በሁለት ወር ውስጥ ይታያል፤ አጥንት ግን ዝግ ያለ በመሆኑ የዴክሳ ለውጥ ከአንድ ዓመት በፊት አይጠበቅም። ታመው ወይም ለቅሶ ገብተው ለሳምንታት ካቋረጡ ካቆሙበት ሊትር ወደ ግማሹ ይመለሱ።

አጥንት ቆጠራው ወደ ታችም ይሄዳል። ዳሌዋ የተሰበረ ሴት የልጅ ልጆች ያንኑ ዘር ይዘዋል፤ ልዩነቱ እነሱ አጥንታቸውን ገና እያከማቹ መሆናቸው ነው። አጥንት ለዝላይ ከምንጊዜውም ይልቅ አጸፋ የሚሰጠው የወር አበባ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎና በዚያው አካባቢ ባሉት ዓመታት ነው። ገመድ ዝላይና ሰኞ ማክሰኞ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። የ10 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንበርዎን ወደ በረንዳው ያውጡና እርስዎ ተረከዝዎን፣ እሷ ዝላይዋን በአንድ ላይ ይቁጠሩ።